ከአባይ ውሃ አየር የሚወስደው ድርሻ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1959 ግብፅና ሱዳን ካይሮ ላይ ተቀምጠው የአባይን ውሃ ሲከፋፈሉ ድርሻ የተቆረጠለት ሦስተኛ ወገን ነበር። ኢትዮጵያ እንዳትመስላችሁ፤ እሷን የጠራት አልነበረም። ሦስተኛው ወገን አየር ነው። አስዋን ላይ በዓመት ይደርሳል ተብሎ ከተሰላው 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ላይ በቅድሚያ 10 ቢሊዮኑ ተነሳ፤ ሊሠራ በታሰበው ትልቅ ግድብ ሐይቅ ላይ በትነትና በስርገት ይጠፋል ተብሎ። ቀሪው 74 ቢሊዮን ከዚያ በኋላ ለሁለት ተከፈለ፤ 55.5 ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን።

ስለ አባይ መሟገት ከጀመርን ዘመናት ተቆጠሩ። ስለ ግድቡ ቁመት፣ ስለ ተርባይኑ ብዛት፣ ስለ ውሃ ሙሌቱ የማያወራ ሰው የለም። ያ 10 ቢሊዮን ግን ከወሬው ሁሉ ጓዳ ቀርቷል። መጠኑን ለመገመት ጣናን አስቡት። ከሐይቁ ወጥቶ ባሕር ዳርን አልፎ ወደ ጢስ ዓባይ የሚወርደው ውሃ በዓመት ወደ 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ በረሃ ላይ ሰማይ የሚወስደው ከጣና ከሚወጣው አባይ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ማንም አልጠጣውም፤ አንድ እርሻ አላጠጣም፤ አንድ አምፖል አላበራም።

የክርክሩ ጉድለት ውሃን እንደ ጤፍ ማየቱ ይመስለኛል። ጤፍ ጎተራ ብትከተው ነቀዝ አይደፍረውም፤ ከዓመታት በኋላ ብትከፍተው እዚያው ይጠብቅሃል። ውሃ እንዲህ አይደለም። ደጋ ላይ ያቆየኸውና በረሃ ላይ ያቆየኸው፣ ገደል ውስጥ የያዝከውና ሜዳ ላይ የዘረጋኸው ውሃ እኩል አይቆይህም። የት እንደምታስቀምጠው ምን ያህሉ ፈሳሽ ሆኖ እንደሚቀር፣ ምን ያህሉ ደግሞ ጋዝ ሆኖ እንደሚሄድ ይወስናል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ በአንድ ወንዝ ላይ ሁለት ግዙፍ የውሃ ቋቶች አሉ። አንዱ ጉባ፣ አንዱ አስዋን። ስለዚህ ስለ ትነት ማወቅ የፊዚክስ ክፍል ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ግን ከወንዙ ይልቅ ምጣዱ ዘንድ መሄድ ይቀላል።

እንጀራ ስትጋገር ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የቁስ አካልን መልኮች ባንድ ላይ አይቷል። ሊጡ ከዳር ጀምሮ ዙሪያውን እየፈሰሰ ይገባና ወዲያው ዓይን ማውጣት ይጀምራል። በቡኮው የታመቀው ጋዝና ከሙቀቱ የተነሳ ወደ እንፋሎት የተለወጠው ውሃ መውጫ ሲፈልጉ ሊጡን እየበሱ ይወጣሉ፤ እያንዳንዷ ዓይን የአንዲት የጋዝ አረፋ መውጫ በር ናት። አክንባሎው ሲከደን እንፋሎቱ ከውስጥ ይታፈንና የእንጀራዋን ፊት ያበስለዋል፤ እንጀራ የማትገለበጠው ለዚህ ነው። በብረት ክዳን የሚጋግር ሰው ክዳኑን ሲያነሳ ከሥሩ የውሃ ጠብታ ሲንጠባጠብ ያያል፤ ጋዝ ሆኖ የወጣው ውሃ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ሲነካ ወደ ፈሳሽነቱ ተመልሷል። እንጀራዋ ራሷ ጠጣር የምትሆነው ግን እንደ በረዶ ረግታ አይደለም። በዱቄቱ ያለው ስታርች ውሃ ጠጥቶ በሙቀት ስለሚያብጥና ስለሚያያዝ ነው። ሁለቱን መለየት ይገባል፤ በረዶ ቢሞቅ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ እንጀራ ተመልሳ ሊጥ አትሆንም።

ውሃ በሦስቱም መልኩ ያው ውሃ ነው፤ የሚለያየው ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ያላቸው ቁርኝት ነው። በበረዶ ውስጥ እያንዳንዱ ሞለኪውል በጎረቤቶቹ ተይዞ ባለበት ይንቀጠቀጣል። ሙቀት ሲጨመርበት ቁርኝቱ ይላላል፤ ሞለኪውሎቹ ሳይለያዩ አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተት ይጀምራሉ፤ ይህ ፈሳሽ ነው። ከዚያም አልፎ ፈጽሞ ሲላቀቁ በየአቅጣጫው የሚበሩ ጋዝ ይሆናሉ። አንድ ሊትር ውሃ ፈልቶ ሙሉ በሙሉ እንፋሎት ሲሆን ከ1 ሺህ 600 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። የጀበና ክዳን የሚንቀጠቀጠውም፣ በአንድ ወቅት ባቡር የተጎተተውም በዚሁ ጉልበት ነው።

ለትነት ግን መፍላት አያስፈልግም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ሳህን ውሃ ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች ሁሉ እኩል አይፈጥኑም። ቴርሞሜትር የሚነግረን አማካዩን ነው። ከመካከላቸው ሁልጊዜ ከሌሎቹ የፈጠኑ አሉ፤ ከእነሱም ውሃው ፊት ላይ የተገኙት የጎረቤቶቻቸውን መያዣ በጥሰው ወደ አየር ያመልጣሉ። በ20 ዲግሪም፣ በ5 ዲግሪም ያመልጣሉ። መፍላት ማለት ይህ ማምለጥ ከፊት አልፎ በመላው ውሃ ውስጥ አረፋ እየሠራ ሲካሄድ ነው፤ ያ የሚሆነው የእንፋሎቱ ግፊት ከላይ የሚጫነውን የአየር ግፊት ሲያሸንፍ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች የሚጫናት አየር ሳሳ ይላል፤ ስለዚህ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ደጋ ላይ ሽንብራ ለመቀቀል ጊዜ የሚወስደው፣ የግፊት ድስትም የሚፈለገው ከዚህ የተነሳ ነው።

ፈጣኖቹ ሲያመልጡ ምን ይቀራል? ዘገምተኞቹ። ቀሪው ውሃ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ልጅ ሆኜ ቆላ ያሉት አያቴ ቤት ስሄድ ሚያዝያ ላይ ከእንስራው የሚቀዳው ውሃ ለምን ጥርስ እንደሚያሳምም አይገባኝም ነበር። እንስራው በር አጠገብ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ሦስት ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ውጪው ሁልጊዜ ያላበዋል። አያቴ ያንን ላብ ማንም በጨርቅ እንዲጠርግ አይፈቅዱም ነበር፤ «ተዉት፣ በእሱ ነው የሚበርደው» ይሉናል። ልክ ነበሩ። ሸክላው ውሃ ያሳልፋል፤ ወደ ውጪ የወጣው ውሃ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ውስጥ ያለው ይበርዳል። ያ ቤት ኤሌክትሪክ ገብቶት አያውቅም።

ይህን የተሰወረ ሙቀት በልኬት ያሳየው ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ግላስጎው ሲያስተምር በረዶ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ይከታተል ነበር። በረዶው ለሰዓታት ሙቀት ይቀበላል፤ ቴርሞሜትሩ ግን ሁሉም ቀልጦ እስኪያልቅ ንቅንቅ አይልም። ሙቀቱ የሚውለው ቁርኝቱን ለመበጠስ እንጂ የሙቀት መጠኑን ለመጨመር አይደለም። ብላክ ይህን «ስውር ሙቀት» ብሎ ጠራው። ይህ ባይኖር ኖሮ፣ ይላል፣ የተራራው በረዶ ፀደይ ሲገባ ባንዴ ቀልጦ አገሩን ጎርፍ ይወስደው ነበር። አንድ ግራም በረዶ ለማቅለጥ 80 ካሎሪ ይፈጃል። ያንኑ አንድ ግራም ውሃ ከዜሮ እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ 100 ካሎሪ። ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን 540 ካሎሪ። ጀበናው ፈልቶ ሳለ ምንም ያህል እንጨት ቢማገድ ቡናው ከዚያ በላይ የማይሞቀው፣ ይልቁንም እየጎደለ የሚሄደው ትርፉ እሳት ሁሉ ለማትነን ስለሚውል ነው።

አሁን ወደ አስዋን እንመለስ። 10 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ለማትነን የሚያስፈልገውን ሙቀት በወረቀት አስልቼ ውጤቱን ሁለት ጊዜ ደግሜ አየሁት። የሕዳሴው ግድብ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የተነደፈው ኤሌክትሪክ 15 ሺህ 700 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይ ያንን 10 ቢሊዮን ለማትነን በዓመት የምታወጣው ጉልበት ግድቡ ከ400 ዓመት በላይ ከሚያመነጨው ጋር ይተካከላል። ከዚህ በኋላ «ትነቱን እናስቁም» የሚል ሰው ከማን ጋር እየታገለ እንደሆነ ሊያውቅ ይገባል። ማስቆም አይቻልም፤ የሚቻለው ለፀሐይ የምንዘረጋላትን ሰፌድ ማሳነስ ነው።

ልብስ አጥቦ ያሰጣ ሁሉ የትነትን ሕግ ያውቃል። ተጨብጦ የተቀመጠ ጋቢ ሁለት ቀን አይደርቅም፤ ተዘርግቶ የተሰጣ እስከ ቀትር ይደርቃል። በጥር ፀሐይና ነፋስ ወዲያው ይደርቃል፤ በነሐሴ አየሩ በራሱ እርጥብ ስለሆነ ውሎ ያድራል። አስዋን ያለው ሐይቅ በጥር ነፋስ ላይ ለዘላለም የተሰጣ ጋቢ ነው። ዝናብ የማያውቅ ሰማይ፣ ደረቅ የበረሃ ነፋስ፣ ደመና የማይጋርዳት ፀሐይ፣ ከዚያ ላይ ደግሞ ስፋቱ። ግብፅ ናስር፣ ሱዳን ኑቢያ የሚሉት ይህ ሐይቅ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ፊቱ በአማካይ ወደ 5 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከላዩ በዓመት 2 ሜትር ውሃ ብቻ ቢተን 10 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይሞላል። በዚያ በረሃ ደግሞ ከ2 ሜትር በላይ ይተናል፤ ለዚህም ነው የሐይቁን ኪሳራ እስከ 16 ቢሊዮን የሚያደርሱ ግምቶች ያሉት።

ጉባ ላይ ያለው ንጋት ሐይቅ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ስፋቱ 1 ሺህ 874 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አንዱን ለአንዱ ብናካፍል አማካይ ጥልቀቱ ወደ 40 ሜትር ይጠጋል። የአስዋኑ ሲሞላ ፊቱ ከ6 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሰፋ 162 ቢሊዮን ይዞ በአማካይ ወደ 25 ሜትር ነው። ብዙ ውሃ በትንሽ ፊት መያዝ ማለት ይህ ነው። ጉባ ቆላ ነው፤ ይሞቃል፤ ደጋ አድርጎ ማውራት ሐሰት ይሆናል። ግን ክረምት አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ ይጨፈግጋል፣ አየሩ ይረጥባል፣ ከላይም ዝናብ በሐይቁ ላይ ይወርዳል። የዚህ ሐይቅ የዓመት ትነት በብዛት የሚገመተው ከ2 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በታች ነው። ከያዘው አንጻር ሲታይ ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት እጅ፤ አስዋን ላይ ግን ሞልቶ እንኳ ስድስት እጅ ገደማ።

ከጉባም የተሻለ ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1964 የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት ከኢትዮጵያ ጋር ሆኖ የአባይን ሸለቆ ሲያጠና ካራዶቢን፣ ማቢልን፣ መንዳያንና ድንበሩ አጠገብ ያለውን ቦታ ለግድብ መርጦ ነበር። የላይኞቹ ጎጃምንና ወለጋን፣ ጎጃምንና ሸዋን በሚለየው ገደል ውስጥ ናቸው። በዚያ ገደል የሚጠራቀም ውሃ ጠባብና ጥልቅ ሆኖ ይተኛል። ያን ካርታ ያየ ሰው ተፈጥሮ እዚያ ላይ ትልቅ እንስራ ቀርጻ ማስቀመጧን ያያል።

ታዲያ ውሃው ሁሉ ላይ ቢቀመጥ አይሻልም? በፊዚክስ ብቻ ካየነው ይሻላል። ግን ነገሩ እዚህ ላይ ይወሳሰባል፤ ወዳጆቼ አንዳንዴ ቸኩለው የሚያልፉትም ይህን ነው። ላይኛው ቋት ስለኖረ ብቻ የታችኛው ትነት አይቀንስም። ትነቱ የሚቀንሰው የአስዋን ሐይቅ ዝቅ ብሎ እንዲያዝ ሲደረግ፣ ፊቱ ሲጠብ ብቻ ነው። ግብፅ ደግሞ ዝቅ አድርጋ እንድትይዝ ላይ ያለው ውሃ በድርቅ ዓመት በጊዜው እንደሚለቀቅላት ማመን አለባት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እኛን በረሃብ የፈጀን ድርቅ ወንዙንም አመንምኖት ነበር፤ ያን ጊዜ ግብፅን ያሻገራት አስዋን ላይ ያከማቸችው ውሃ ነው። ስለዚህ ያ 10 ቢሊዮን ለእሷ የኢንሹራንስ ክፍያ ነበር። ክፍያው ውድ ነው፤ ግን በከንቱ አልከፈለችም። ኢንሹራንሱን በረከሰ ዋጋ፣ ቀዝቀዝ ባለና ጥልቅ በሆነ ቦታ መግዛት እንደሚቻል ለማሳመን የውሃ መረጃ በየዕለቱ መለዋወጥና የድርቅ ዓመት አለቃቀቅ ላይ መስማማት ያስፈልጋል። እኔ ይህ ይቻላል ብዬ አምናለሁ። ከድርሻ ክርክር ይልቅ ሁለቱንም ወገን የሚጠቅም ውሃ የሚገኘው ከዚህ ነው፤ ከማንም ማሰሮ ሳይነካ ከሰማይ የሚመለስ ውሃ።

ከሰማይ ጋር መጫወት ምን እንደሚያስከትል የግብፁ ቶሽካ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የአስዋን ሐይቅ ሞልቶ ሲተርፍ ትርፉ በቦይ ወደ ምዕራቡ በረሃ ተለቀቀ። አሸዋው መሐል አዳዲስ ሐይቆች ተፈጠሩ፤ ከጠፈር የተነሱ ፎቶዎች ላይ ሰማያዊ ሆነው ይታዩ ነበር። መውጫ የላቸውም፤ ጥልቀታቸውም ትንሽ ነው። በዓመታት ውስጥ ዳራቸው እየነጣ፣ እየጠበቡ ሄደው አብዛኞቹ ደረቁ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ጎርፍ ሲበዛ እንደገና ሞሉ። ሐይቅ ሠርቶ ለፀሐይ መገበር ማለት ይኸው ነው።

ነጭ አባይ ላይ ያለው ታሪክ ግን ሌላ ፊት አለው። ደቡብ ሱዳን ውስጥ ወንዙ ሱድ የተባለው ረግረግ ውስጥ ገብቶ ይዘረጋል፤ ግማሽ ያህሉ ውሃ ከዚያ አይወጣም። ይህን ለማትረፍ እ.ኤ.አ. በ1978 የጆንግሌይ ቦይ መቆፈር ተጀመረ። 360 ኪሎ ሜትር ሊሆን ታስቦ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከተቆፈረ በኋላ ጦርነቱ ሲነሳ እ.ኤ.አ. በ1984 ቆመ። መሐንዲሱ «ብክነት» ያለው ውሃ ግን ለዲንካና ለኑዌር ከብት የበጋ ሣር ነው፣ ለዓሣውም ለወፉም ቤት ነው። ትነት ሁሉ ኪሳራ አይደለም። የአስዋን ሐይቅ ትነት ግን ሣር አያበቅልም።

ትነትን አጥብቀው የሚፈልጉ ሰዎችም አሉ፤ ለእነሱ አፍዴራ መሄድ ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። ሠራተኞቹ ጨዋማውን ውሃ በፓምፕ ስበው ወደ ጠፍጣፋ፣ ጥልቀት ወደሌላቸው ኩሬዎች ያስገቡታል። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ፀሐይ ነው። ውሃው ጋዝ ሆኖ ሲሄድ የሟሟው ጨው አብሮ መብረር ስለማይችል ይቀራል፤ በመጀመሪያ ፊቱ ላይ ስስ ቅርፊት፣ ቀጥሎ ከሥር የሚንኮሻኮሽ ነጭ ንጣፍ። ለአስዋን እርግማን የሆኑት ሁሉ፣ ማለትም ስፋት፣ ሙቀት፣ ደረቅ ነፋስ፣ እዚህ የሥራው መሣሪያ ናቸው። አዋሽም ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳያይ በዚያው አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። መውጫው ሰማይ ብቻ ነው፤ ከወንዙ ጋር የመጣው የሟሟ ነገር ሁሉ ግን እዚያው ይቀራል። መውጫ የሌለው ሐይቅ የሚጨውመው ለዚህ ነው። ጣና ያልጨወመው፣ ውሃውም የሚጠጣ የሆነው አባይ የሚባል መውጫ በር ስላለው ነው፤ ምንም እንኳ ከጣና ፊት በዓመት የሚተነው በዚያ በር ከሚወጣው የማያንስ ቢሆንም።

የተነነው ውሃ የት ይሄዳል? አንድ የውሃ ሞለኪውል አየር ላይ በአማካይ ዘጠኝ ቀን ገደማ ይቆያል፤ ከዚያ ይወርዳል። የሚወርደው ግን ከተነሳበት አይደለም። ለኢትዮጵያ ክረምት የሚመጣው እርጥበት ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤና ከኮንጎ ደን ወገን ነው። ያ የማይታይ ጋዝ በነፋስ ተገፍቶ ሲመጣ የኢትዮጵያ ደጋ እንደ ግድግዳ ይቆምበታል። አየሩ ለመሻገር ሽቅብ ይወጣል፤ በወጣ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ጋዝ ሁሉ እንደያዘ መቆየት አይችልም፤ በአቧራ ቅንጣት ላይ እየተጠጋ ጠብታ ይሆናል። በዚያ ቅጽበት ውቅያኖሱ ላይ ሲተን የወሰደውን ስውር ሙቀት ይመልሳል፤ ሙቀቱ ደመናውን ይበልጥ ሽቅብ ይገፋዋል። የሐምሌ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ጉልበቱ ከዚህ ነው። ጠብታው በጣም ከፍ ካለ ይረጋና በረዶ ሆኖ ቆርቆሮ ላይ ይወርዳል። እንግዲህ አባይ ሲወለድ ጋዝ ደጋችን ላይ ፈሳሽ ሆነ፤ አስዋን ላይ ደግሞ ፈሳሽ ጋዝ ሆነ። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ ከመቶ 85 ያህሉ የዚህ ደጋ ነው። የምጣዱና የአክንባሎው ነገር አህጉር አክሎ ማለት ነው፤ አክንባሎው ስሜንና ጮቄ ናቸው።

ዓለም እየሞቀች መሆኗ ሁለቱንም ጫፍ ይነካል። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ወደ 7 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ ተን መያዝ ይችላል። ይህ በአንድ በኩል የሚወርደውን ዝናብ ያከብደዋል፤ በሌላ በኩል ሐይቅንና ማሳን ይበልጥ ይመጥጣል። በሁለት ዝናብ መካከል ያለው ደረቅ ጊዜ ከፋ ማለት ነው። ሐሮማያን ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነበር፤ ለከተማ ውሃ ተሳበ፣ ለጫትና ለአትክልት ተሳበ፣ ደለል ሞላው። ውሃው በሳሳ መጠን ፀሐይ የምትወስደው እጅ በለጠ፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደርቆ ከብት ተሰማራበት። በኋለኞቹ ዓመታት ውሃው ተመልሶለታል።

ለገበሬው ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በየመንደሩ ክረምት የሚጠራቀምባቸው ኩሬዎች ሲቆፈሩ ሰፊና ጥልቀት የሌላቸው ሲሆኑ አይቻለሁ፤ ቁፋሮው ስለሚቀል ነው። ያው አንድ ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ በ1 ሜትር ጥልቀት ቢቀመጥና በ4 ሜትር ጥልቀት ቢቀመጥ ለፀሐይ የሚያጋልጠው ፊት በአራት እጥፍ ይለያያል። የመጀመሪያው ጥር ላይ ጭቃ ይሆናል፤ ሁለተኛው ለመጋቢት ይተርፋል። በነፋሱ ወገን ጥቅጥቅ ያለ አጥር መትከል፣ ትንሽ ከሆነ ከላይ ማልበስ ይረዳል። ሕንድ ጉጃራት ውስጥ በመስኖ ቦይ ላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ደርድረው መብራት እያመነጩ ውሃውንም ያስጠልላሉ። ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ የውሃ ማጠራቀሚያዋን በ96 ሚሊዮን ጥቁር የፕላስቲክ ኳስ ሸፍናለች። ለ5 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ሐይቅ ኳስ የሚበቃ ፋብሪካ የለም፤ ለወረዳ ኩሬ ግን ጣሪያ አይጠፋም።

ለማንኛውም ስምምነት መጀመሪያ መለካት ይቀድማል፤ የትነት መለኪያው ደግሞ ከሚያጣላው ነገር አንጻር ሲታይ የሚያስገርም ቀላል ዕቃ ነው። በሜትዎሮሎጂ ጣቢያዎች ግቢ ውስጥ በእንጨት ርብራብ ላይ የተቀመጠ ክብ የቆርቆሮ ገንዳ አለ፤ ወርዱ 121 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 25 ሳንቲ ሜትር። ወፍ እንዳይጠጣበት አንዳንዱ ላይ የሽቦ መረብ ይደረጋል። ታዛቢው ጠዋት ይመጣል፤ ውሃው ስንት ሚሊ ሜትር እንደጎደለ በመንጠቆ መለኪያ ያነባል፤ አጠገቡ ካለው የዝናብ መለኪያ ጋር ያመሳክራል፤ መዝገቡ ላይ ይጽፍና የጎደለውን ሞልቶ ይሄዳል። ገንዳው ከሐይቅ ይበልጥ ስለሚሞቅ የተነበበው በ0.7 ገደማ ይባዛል። በዚያ ንባብ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ስህተት ቢገባ ንጋት ሐይቅ ላይ በአንድ ቀን ወደ 1.3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው፤ አስዋን ላይ ወደ 3.5 ሚሊዮን።